ለዶሮ ጠጠር ስለ መስጠት

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እያሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዶሮ ያለመችውን ጥሬ ካገኘች በኋላ የምትፈጭበት ድንጋይ የሌላት እንደ ሆነ ሕልሟ ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ጥርስ ያልተፈጠረላት ስለ ሆነች ወፍጮዋን በሆዷ ተሸክማ ትኖራለች። ይህን ነገር ብዙ ሰው በዐይኑ እያየ አያስተውለውም፤ ዶሮ በደጅ ስትጭር ውላ ጠጠር ለቅማ ስትውጥ ያየ ሰው፥ እህል መስሏት የተሳሳተች ይመስለዋል። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ ይመስለን ነበር። ከዚህ አሳብ የመለሰን በደምበጫ ከተማ ባንድ ወዳጃችን ቤት ያየነው ነገር ስለ ሆነ፥ ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎቻችን ይጠቀሙበት ዘንድ እነሆ እንጽፈዋለን።

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የተመሠረተች፥ ዙሪያዋን በጤፍ፥ በበቆሎ፥ በስንዴና በዳጉሳ እርሻ የተከበበች የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። በዚያ አገር ዶሮ የሌለበት ግቢ እምብዛም አይገኝም። የገጠሩ ገበሬ ግን ለዶሮዎቹ ስለ ድንጋይ አስቦ አያውቅም፤ ማሰብም አያስፈልገውም። የገጠር ዶሮ ጎሕ ሲቀድ ከቆጧ ወርዳ ትወጣለች፤ በአውድማው፥ በጓሮው፥ በአጥሩ ሥርና በውሃ መውረጃው ስትጭር ትውላለች፤ ጥሬውንም፥ ትሉንም፥ ቅጠሉንም፥ ጠጠሩንም ራሷ መርጣ ትለቅማለች። ባለቤቷ ያልሰጣትን ምድር ይሰጣታል። ችግሩ የሚነሣው ሰው ዶሮዋን ከምድር ሲለያት ነው።

ወዳጃችን በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው በባልትና የተመሰገኑ እመቤት ሲሆኑ፥ ከደመወዝ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን አይተው፥ የትልቋን ልጃቸውን የትምህርት ወጪ በእንቍላል ገንዘብ ለመቻል አስበው 12 የፈረንጅ ቄቦች ገዙ። ቤታቸው በከተማው መካከል ስለ ሆነ፥ ዶሮዎቹ የጎረቤት ጓሮ እንዳያበላሹ፥ ጭላትና ሸለምጥማጥም እንዳይወስዳቸው ብለው፥ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ፥ ዙሪያው በሽቦ የታጠረ ቤት አሠሩላቸው። ቤቱ እጅግ ንጹሕ ነበረ። ጠዋት ጠዋት ተጠርጎ በውሃ ይታጠባል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ስንኳ አይገኝበትም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቄቦቹ ከፋብሪካ የሚመጣውን የተፈጨ መኖ እየበሉ በደኅና አደጉ፤ እንቍላልም መጣል ጀመሩ። ኋላ ግን የመኖው ዋጋ ስለ ከበደ፥ እመቤቲቱ ከቤታቸው ጐተራ በቆሎ እያስከኩ፥ ስንዴና ዳጉሳ እየጨመሩ፥ ጎመንና ሣርም እያስቈረጡ ይሰጧቸው ጀመር። እህሉ የተትረፈረፈ ነበረ። ይሁን እንጂ ሳምንታት እንዳለፉ ዶሮዎቹ እየበሉ ይከሱ ጀመር፤ ክንፋቸው ወደ ታች ወረደ፤ በኩሳቸው ውስጥ ጥሬው እንዳለ ይታይ ነበር፤ ያንዳንዶቹም አንገት ሥር እንደ ኳስ አብጦ ጠነከረ። እንቍላሉ ጐደለ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ዶሮዎች ሞቱ።

ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ተናገረ። አንዱ «ፈንግል ነው» አለ፤ ሌላው «ዐይን በላቸው» አለ፤ ሦስተኛውም «የፈረንጅ ዶሮ ለአገራችን አየር አይስማማም፤ ይሽጧቸው» ብሎ መከረ። እመቤቲቱም ተስፋ ቈርጠው የቀሩትን ዘጠኙን በገበያ ቀን ለመሸጥ ቈረጡ። የልጃቸው ትምህርት ግን በዚያ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ልባቸው እጅግ አዘነ።

በዚህ መካከል የፋሲካ በዓል ደረሰ። የእመቤቲቱ እናት ከቡሬ ገጠር አንዲት የአበሻ ዶሮ ይዘው ልጃቸውን ለመጠየቅ መጡ። በዋዜማው ይህች ዶሮና ከዘጠኙ አንዲቱ አብረው ታረዱ። እኛም በዚያ ቤት እንግዳ ነበርንና የሆነውን ሁሉ በዐይናችን አየን። ሁለቱ ዶሮዎች ሲበለቱ አሮጊቲቱ እናት ሁለቱን ጨጓራዎች ባንድ ሰሐን ላይ አስቀምጠው በቢላዋ ሰነጠቋቸው። የገጠሯ ዶሮ ጨጓራ ትልቅ፥ ቀይና ጠንካራ ነበረ፤ በውስጡም የላመ እህልና ጠርዛቸው የተሞረደ ብዙ ትናንሽ ጠጠሮች ነበሩበት። የከተማዪቱ ዶሮ ጨጓራ ግን ትንሽና ልል ነበረ፤ በውስጡም ያልተፈጨ የስንዴ ፍሬ እንደ ገመድ ከተጠመጠመ ሣር ጋራ ታጭቆ ተገኘ። አንዲትም ጠጠር አልነበረችበትም።

አሮጊቲቱ ሰሐኑን ወደ ልጃቸው አቅርበው፥ «ልጄ፥ ዶሮዎችሽ እህል አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው መጅ ነው። ወፍጮ ያለ መጅ ምን ይፈጫል?» አሉ።

እመቤቲቱም ተገርመው፥ «እምዬ፥ ዶሮ ድንጋይ ትበላለች እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«አትበላውም፤ ትፈጭበታለች እንጂ» ብለው መለሱላቸው።

ይህ የአሮጊቲቱ ቃል ምሁራን በብዙ ምርመራ ከደረሱበት እውቀት ጋራ የተስማማ ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። ዶሮ የለቀመችው ጥሬ አስቀድሞ በአንገቷ ሥር ወዳለው ከረጢት ይገባል፤ በዚያም እየራሰ ይለሰልሳል። ቀጥሎ ወደ መጀመሪያው ጨጓራ ይወርዳል፤ ይህ ጠባብ ሲሆን፥ ምግቡን የሚያሟሟ ብርቱ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ያፈልቅበታል። ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን ጨጓራ ያገኛል። ይህ ሁለተኛው ጨጓራ ባልትና የምታውቅ ሴት ሁሉ የምታውቀው፥ ሰንጥቃ ቢጫ ሽፋኑን የምትገፈው ክብና ወፍራም ጡንቻ ነው። ጡንቻው በደቂቃ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያህል እየተጨበጠ በውስጡ ያለውን እህል ያሻል። በዚያም ጠጠር ያለበት እንደ ሆነ፥ ሴት በወፍጮ ላይ መጇን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደምትስብ፥ ጠጠሩ ከጠጠር ጋራ እየተፋጨ ጥሬውን ያደቀዋል።

የዚህን ጡንቻ ኀይል ለመመርመር የፈረንሳይ አገር ሊቅ ሬኦሚር በ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ በአእዋፍ ጨጓራ ውስጥ የብረት ቱቦ አስገብቶ ነበር፤ ጡንቻውም ቱቦውን ጨፈለቀው። ከሱ በኋላ ስፓላንዛኒ የተባለው የኢጣልያ ቄስና ሊቅ፥ ሹል መርፌ የተሰካበትን እርሳስ ለቱርክ ዶሮ አውጦ ቢያይ፥ የመርፌው ጫፍ ዶልዱሞ ዶሮዋ ግን ምንም ሳትጐዳ ተገኘች። ስፓላንዛኒ ከዚህ ተነሥቶ ጡንቻው ብቻውን ይበቃል፤ ድንጋዩ የግድ አያስፈልግም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በኋላ የመጡት መርማሪዎች ግን ነገሩን በሚዛን አስቀመጡት፤ ይኸውም ዶሮ ያለ ጠጠር ልትኖር ትችላለች፥ ነገር ግን ያልተፈጨ ጥሬና ቃጫ የበዛበት ሣር የምትበላ እንደ ሆነ ጠጠር ሲኖራት ከምግቧ የምታገኘው ጥቅም ይበልጣል፥ የሣር ድርቆሽም ተጠምጥሞ የመዝጋቱ አደጋ ይቀንሳል።

እንግዲህ በወዳጃችን ቤት የሆነው ነገር ከዚህ የተነሣ ይገለጣል። ቄቦቹ ከጫጩትነታቸው ጀምረው የተፈጨ መኖ ብቻ ሲበሉ ስላደጉ የሆዳቸው ጡንቻ ሥራ ፈትቶ አልጠነከረም ነበር። የተፈጨ እህል ለሚበላ ሆድ ወፍጮ አያሻውም። በድንገት ጥሬና ሣር ሲመጣባቸው ግን ልል ጡንቻ ያለ ጠጠር ተያዘ። ጥፋቱ የዘራቸው አልነበረም፤ ያገሩም አየር አልነበረም፤ እንዳየነው ሁሉም ከተሰጣቸው ምግብ ጋራ የሚሄደው ድንጋይ ከመቅረቱ የመጣ ነበር።

ከዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አጥብቀው እንዲለዩት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ለዶሮ የሚሰጥ ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰውም አንዱን ከሌላው ጋራ ያደባልቀዋል። የመጀመሪያው የመፍጫ ድንጋይ ነው። ይህ በሆድ አሲድ የማይሟሟ ጠንካራ ድንጋይ መሆን አለበት። የጎጃም ደጋ ዐለት አብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ረገድ አገሩ የታደለ ነው። ሴቶቻችን ወፍጮ የሚያስጠርቡበት ያው ጥቁር ድንጋይ በወንዝ ተፈጭቶ ኮረትና አሸዋ ሲሆን ለዶሮዋም ወፍጮ ይሆናል። በደምበጫ አቅራቢያ ተምጫ፥ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ብርና ላህ፥ በቡሬ በኩል ደግሞ ፈጣም የሚባሉት ወንዞች በበጋ ጐድለው አሸዋቸውን ሲገልጡ፥ አንድ ጆንያ አሸዋ ለብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሁለተኛው የቅርፊት ድንጋይ ነው። ይህ በሆድ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ደም የሚገባ፥ የእንቍላሉን ቅርፊትና የዶሮዋን ዐጥንት የሚሠራ ካልሲየም የሚባለው ነገር ያለበት ነው። ከእንቍላል ቅርፊት ከመቶው 95 ያህሉ ከኖራ ድንጋይ ጋራ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ዶሮዋ አንዱን ቅርፊት ለመሥራት 20 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል፤ አብዛኛውም ሥራ የሚሠራው ሌሊት ነው። ከምግቧ ካልሲየም ያጣች እንደ ሆነ ከዐጥንቷ ትበደራለች፤ ብድሩም ሲበዛ እግሯ ይደክማል፥ እንቍላሏም ቅርፊቱ የሳሳ ወይም ከነጭራሹ ቅርፊት የሌለው ይሆናል። ለዚህ መድኀኒቱ በቤት የተጣለው የእንቍላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን አጥቦ በምጣድ ላይ ጥቂት ማመስና ቅርጹ እስኪጠፋ ድረስ መሰባበር ይገባል፤ ቅርጹን ያወቀች ዶሮ ራሷ የጣለችውን እንቍላል መስበር ትለምዳለችና። በዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ በገሃድ የሚታየው የኖራ ድንጋይም በደቃቁ ሲሰበር ለዚሁ ይሆናል። በሌላ አገር በባሕር ዳርቻ ያሉ ሰዎች የባሕር ዛጎል ሰብረው ይሰጣሉ።

ነገር ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ግድግዳ የሚለቀለቅበት በእሳት የተቃጠለ ኖራ ከኖራ ድንጋይ የተለየ ነው፤ አፍንና ሆድን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ለዶሮ ፈጽሞ አይሰጥም። እንዲሁም ገና እንቍላል መጣል ያልጀመሩ ጫጩቶችና ቄቦች የቅርፊት ድንጋይ በብዛት እንዳይበሉ መጠንቀቅ ያሻል፤ የማያስፈልጋቸው ካልሲየም ኵላሊታቸውን ይጐዳዋልና። የመፍጫው ጠጠር ግን ጥሬ መልቀም ለጀመረ ዶሮ ሁሉ፥ ለታናሹም ለታላቁም የሚገባ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። እመቤቶች በቤታቸው ሊፈጽሙት የሚችሉት ቀላል ሥራ ነውና በተራ እናስቀምጠዋለን።

1ኛ፤ አሸዋው ከንጹሕ ወንዝ ይምጣ። የከተማ እዳሪ ከሚወርድበት፥ ልብስ በሳሙና ከሚታጠብበት ወይም ተባይ ማጥፊያ መድኀኒት ከሚረጭበት እርሻ ሥር ካለ ቦታ አይወሰድ። ለመንገድ ሥራ የተፈጨ ኮረትም ሬንጅ ያልነካው ከሆነ መልካም ነው።

2ኛ፤ አሸዋው በውሃ ታጥቦ ጭቃው ይውጣለት፤ በፀሐይም ይድረቅ። ከዚያ በዱቄት ወንፊት ሲነፋ ብናኙ ከታች ይወርዳል፤ ከላይ የቀረው ይያዝ። ይህም እንደገና ቀዳዳው ሰፋ ባለ ወንፊት ሲነፋ ትልቁ ድንጋይ ይለያል።

3ኛ፤ መጠኑ እንደ ዕድሜያቸው ይሁን። እህል ለጀመሩ ጫጩቶች ከጤፍ ከፍ ያለ፥ ከዳጉሳ ፍሬ የማይበልጥ አሸዋ፤ ለቄቦችና ለወጣት አውራዎች እንደ ማሽላ ፍሬ ያለ፤ ለታላላቆቹ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ጠጠር ይስማማል። ትንሹን ለትልቋ ቢሰጧት ቶሎ ከሆዷ ይወጣል፤ ትልቁን ለትንሿ ቢሰጧት መዋጥ አትችልም።

4ኛ፤ ጠጠሩ ከእህሉ ጋራ አይደባለቅ። በሌላ የሸክላ ገል ወይም በእንጨት ገበቴ ተደርጎ በጥግ ይቀመጥላቸው። ዶሮ የሚያስፈልጋትን ያህል ለይታ ታነሣለች፤ ተገድዳ ስትበላው ግን ልክ ታጣለች። ለ10 ዶሮዎች አንድ እፍኝ አኑሮ ሲያልቅ መተካት ይበቃል። የቅርፊቱ ድንጋይም በሌላ ገል ሆኖ ከቀትር በኋላ ቢቀርብላቸው፥ ለሌሊቱ ሥራ ይደርስላቸዋል።

5ኛ፤ ጠጠር አይተው የማያውቁ ዶሮዎች በመጀመሪያው ቀን ስለ ብርቅነቱ ብቻ አብዝተው ይውጡታል። ስለዚህ አስቀድመው እህላቸውን ጠግበው፥ ውሃም ጠጥተው፥ በኋላ ጥቂት ጥቂት ይቅረብላቸው። የራበው ዶሮ አሸዋ በልቶ ሆዱን ሊዘጋ ይችላል።

6ኛ፤ ግቢው ከሚስማር፥ ከሽቦ ቍራጭ፥ ከመስታወት ስባሪና ከፌስታል ክር ይጠረግ። ዶሮ የሚያብለጨልጭ ነገር ትወዳለች፤ ጠጠር ያጣችም እንደ ሆነ ሚስማሩን እንደ ጠጠር ትውጠዋለች።

7ኛ፤ በማለዳ እህል ሳይሰጣቸው በፊት የዶሮዎቹ የአንገት ሥር ከረጢት በእጅ ይዳሰስ። ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ወፍጮው ደኅና ነው። ጠዋትም እንደ ጠነከረ ያደረ እንደ ሆነ ግን እህሉን ከልክሎ፥ ውሃና ለስላሳ ምግብ ብቻ ሰጥቶ፥ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። በታመመችው ዶሮ ጉሮሮ ጠጠር በግድ መክተት መግደል ነው።

የዶሮ ከሳ ሁሉ ከጠጠር ማጣት የሚመጣ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ፈንግል ባንድ ሰሞን የመንደሩን ዶሮ ሁሉ የሚጨርስ ክፉ በሽታ ነው፤ ለሱ ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። የሆድ ትልም ያከሳል። ጠጠር ለእነዚህ መድኀኒት አይሆንም። እንዲሁም የተፈጨ የፋብሪካ መኖ ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች ያለ ጠጠር በደኅና ይኖራሉ። ጠጠር የግድ የሚያስፈልገው ተዘግተው ጥሬና ሣር ለሚበሉት ነው፤ ዛሬም በየከተማችን እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው።

ስለ ምን በዙ ቢባል ምክንያቱ የታወቀ ነው። ዶሮ በአገራችን አዲስ እንስሳ አይደለም፤ በትግራይ መዝበር በተባለው ስፍራ በቍፋሮ የተገኘው የዶሮ ዐጥንት ከ2,500 ዓመት በላይ የሆነው ነው። በዚህ ረዥም ዘመን የአበሻ ዶሮ በየአገሩ ዓይነት ለይቶ ተዋልዷል። ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲኬድ በመንገድ ላይ በምትገኘው በቲሊሊ ስም የተጠራው የዶሮ ዓይነት፥ ዶክተር ታደለ ደሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 በበርሊን ባቀረቡት ጥናት ከመረመሯቸው ከአምስቱ የአገር ዶሮዎች አንዱ ነው። የአገር ዶሮ ብልኅና ታጋሽ ናት፤ ምግቧንም ድንጋይዋንም ራሷ ታገኛለች፤ እንቍላሏ ግን በዓመት ከ30 እስከ 60 ያህል ነው። የተሻሻለችው የውጭ ዶሮ በደኅና ስትያዝ ከ250 በላይ ትጥላለች። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ቱሩፋት የተባለው ሥራ ከተጀመረ ወዲህ፥ የተሻሻሉ ዶሮዎች በከተማና በገጠር ወደ ብዙ ቤቶች ገብተዋል።

አሳቡ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የአበሻ ዶሮ በነጻነቷ ታገኘው የነበረውን ሁሉ፥ በሽቦ ውስጥ ላለችው ዶሮ የመስጠት ዕዳ በባለቤቷ ላይ ወድቋል። ውሃ ያስፈልጋታል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እህል ያስፈልጋታል፤ ይህንም ሁሉም ያውቃል። ድንጋይ እንደሚያስፈልጋት ግን የሚነግር የለም። ሴቶቻችን ወፍጯቸው ሲለሰልስ በመውቀሪያ ይወቅሩታል፤ ዶሮ ግን የሆዷን ድንጋይ መውቀር አይቻላትምና፥ ያለቀውን ጥላ አዲሱን መተካት ብቻ ነው ያላት። እኛ ካልሰጠናት ከሲሚንቶ ላይ ከየት ታመጣዋለች?

ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስና ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ እንናገር። ከበዓሉ በኋላ እመቤቲቱ ሽያጩን ትተው ከወንዝ አሸዋ አስመጡ፤ እናታቸውም በወንፊት ነፍተው በሦስት ገል አደረጉት። ሣሩን አሳጥረው ማስከተፍ ጀመሩ፤ ጥሬውንም ለጥቂት ቀን ቀንሰው ፍትፍት ጨመሩበት። ከስምንቱ አንዲቱ አስቀድማ እጅግ ተጐድታ ነበርና አልዳነችም። ሰባቱ ግን ቀስ በቀስ ክንፋቸውን አነሡ፤ ኩሳቸውም ጠራ። በወሩ መጨረሻ እንቍላል እንደገና መጣል እንደ ጀመሩ በደብዳቤ ተጻፈልን። ከደብዳቤው መጨረሻ፥ «ልጃችን ትምህርቷን አላቋረጠችም» የሚል ቃል ባነበብን ጊዜ እጅግ ደስ አለን።

ከዚህ የተነሣ ለሁለት ወገን ምክር እናቀርባለን። በየግቢያችሁ ዶሮ የምታኖሩ እመቤቶች ሆይ፥ ዛሬውኑ ወደ ዶሮ ቤታችሁ ገብታችሁ ወለሉን ተመልከቱ። ሲሚንቶ ወይም ሳንቃ ሆኖ ምግቡ ጥሬ የሆነ እንደ ሆነ፥ አንድ ገል ጠጠር አኑሩላቸው። ወጪው የአንድ ጆንያ አሸዋ ማመላለሻ ብቻ ነው። ክረምት ሳይገባ ወንዙም ሳይሞላ አድርጉት፤ በክረምት ጭቃው ዶሮዎችን በቤት ስለሚያውላቸው፥ ከደጅ ያገኙት የነበረው ጠጠር ያን ጊዜ ይቋረጥባቸዋልና።

በየወረዳው የተሻሻሉ ዶሮዎችን የምታከፋፍሉ ሹማምንትና የእርሻ ባለሙያዎችም ሆይ፥ ለአንዲት ባልቴት አምስት ቄብ ስትሰጡ ስለ ክትባቱና ስለ መኖው እንደምትነግሯት ሁሉ፥ ስለ ጠጠሩም ሁለት ቃል ጨምሩላት። ጥሬ በምትሰጥበት ቀን ጠጠርም እንድትሰጥ ንገሯት። ይህን ሳታውቅ ዶሮዎቿ ያለቁባት ሴት ዳግመኛ ቄብ ውሰጂ ብትባል አትወስድም፤ ለጎረቤቷም አትውሰጂ ብላ ትመክራለች። ስለዚህ ባንድ እፍኝ አሸዋ ማጣት የሚጠፋው አንድ ዶሮ ብቻ ሳይሆን፥ ሰው በመልካም ሥራ ላይ ያለው እምነት ጭምር ነው።

እህል ለሰጠናት ዶሮ የምትፈጭበትንም እንስጣት።